«ኖርማል» ብዬ የፈረምኩባት ሌሊት

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ («ፖሊ» የምንለው) ተማሪዎች ቤቴ መጥተው ነበር። አንዷ የእህቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ሁለቱ ጓደኞቿ ናቸው። ቤቴ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ጨዋታው ወደ ኑክሌር ዞረ። አገራችን በመስከረም 2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር ስለ ኑክሌር ማመንጫ ሰነድ ከተፈራረመች ወዲህ እነዚህ ልጆች ሌላ ወሬ የላቸውም። «ጋሼ፣ ጣቢያው ሲመጣ ዝግጁ ሆነን እንድንጠብቅ ካሁኑ ምን እናጥና?» አሉኝ።

«መዝገብ አጻጻፍ» አልኳቸው።

ሳቁ። ኒውትሮን ምናምን እንድላቸው ጠብቀው ኖሯል። ኒውትሮኑን መምህሮቻቸው ያስተምሯቸዋል፤ የኔ ድርሻ ሌላ ነው። ያን ቀን መሽቶብን ሳልጨርሰው የቀረውን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

እኔ ፖሊ የገባሁት በ1964 ዓ.ም. ነው። ተቋሙ ገና አስር ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሶቪየት ኅብረት የመጡ መምህራን ነበሩን። በእነሱ እንግሊዝኛ እኛ እንስቅ ነበር፣ በእኛ ደግሞ እነሱ። ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በኃይል ማመንጫዎች ውስጥ የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ስጠግን ኖርኩ። ጌጅ፣ ሪሌ፣ ቫልቭ፣ የአደጋ ደወል። ሬአክተር፣ የኑክሌር ማመንጫውን ምድጃ ማለቴ ነው፣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ይሄን ቀድሜ ልንገራችሁ። የማውቀው ዕቃውን ነው፤ ዕቃው ደግሞ የትም ያው ነው። ተርባይኑን ያዞረው የወንዝ ውሃም ይሁን በአቶም ሙቀት የፈላ እንፋሎት፣ ኩሽኔታ ሲግል ያው መጋል ነው። ሰውም ያው ሰው ነው። ደወል ሲጮህበት መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ደወሉን ማስቆም ነው።

ይህን ከራሴ ነው የማውቀው።

ጊዜው የ1972 ክረምት ነው። ከዚህ ርቆ ባለ አንድ የውሃ ኃይል ማመንጫ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። የአንደኛው ጄኔሬተር ኩሽኔታ ሲሞቅ የሚጮህ ደወል ነበር። ያን ሰሞን ደወሉ እረፍት ነሳን። ሄደን ቴርሞሜትሩን ስናይ ሙቀቱ ከገደቡ አንዴ በአንድ ዲግሪ ከፍ ይላል፣ አንዴ ዝቅ ይላል። «ሪሌው ነው የተበላሸው» ተባለ፤ ሪሌ ማለት ደወሉን የሚያስጮኸው ማብሪያ ነው። ማን እንዳለው አላስታውስም፤ ሁላችንም ግን አመንን። መርምሮ ያየ የለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደገና ሲጮህ ተነሳሁ። ከሲጋራ ፓኮ ላይ ትንሽ ካርቶን ቀደድኩና በሪሌው ሁለት ከንፈሮች መሀል ሰካሁ። ደወሉ ዝም አለ። «ጠዋት አወጣታለሁ» ብዬ ነበር። ከዚያ የፈረቃ መዝገቡን ገልጬ «ኖርማል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩም።

ጠዋት አላወጣኋትም። ሰርቪስ መኪናው ሊያመልጠኝ ሆነ። በማግስቱ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዝምታው ተስማማኝ።

ለካ የኩሽኔታውን ዘይት የሚያቀዘቅዘው የውሃ ቱቦ በደለል እየተዘጋ ነበር። የክረምት ወንዝ ታውቁታላችሁ፣ ቡና ነው የሚመስለው። ሪሌው ምንም አልሆነም። ደወሉ እውነቱን ነበር የሚናገረው። በዘጠነኛው ቀን የኩሽኔታው ውስጠኛ ሽፋን ቀለጠ። መለዋወጫው ከውጭ በመርከብ እስኪመጣ ማሽኑ አራት ወር ቆመ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ምርመራ መጣ። ዘይት ቀጂው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ «ኩሽኔታው መሞቁን ለፈረቃ ኃላፊው ሁለቴ ነግሬያለሁ» አለ። ኃላፊው «አላስታውስም» አለ። እውነቱን ይሆናል፤ በጫጫታ መሀል የተነገረ ነገር ነው። መዝገቡ ተገለጠ። ምን አለበት? «ኖርማል፣ ኖርማል፣ ኖርማል።» ከነዚያ አንዷ የኔ ፊርማ ያለባት ናት። ዘይት ቀጂው የአስር ቀን ደመወዝ ተቀጣ። ካርቶኗን እኔ ቀደም ብዬ አውጥቼ ኪሴ ከትቻት ነበር። ዝም አልኩ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር በጽሑፍ ያለ ውሸትም መወረሱ ነው። ሰውዬው እውነቱን በቃል ተናገረ፣ እኔ ውሸቱን በጽሑፍ አስቀመጥኩ። ጽሑፉ አሸነፈ።

አሁን ወደ ሌላ ሐይቅ ልውሰዳችሁ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኢሪ በሚባል ሐይቅ ዳር ዴቪስ ቤሲ የሚባል የኑክሌር ማመንጫ አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ አደጋዎች ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ባለቤቴ «ሰው ልቦለድ ያነባል፣ አንተ የምርመራ ሪፖርት» ትለኛለች። ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ጣቢያ ያስተማረኝ የለም። ያውም ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1977 ነው። ጣቢያው ከኃይሉ 9 በመቶ ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተከፍቶ አልዘጋ አለ። ሬአክተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በዚያ በኩል እየወጣ ነው። አንዱ ጌጅ ግን ውሃው የሞላ አስመስሎ ያሳያል። ኦፕሬተሮቹ ጌጁን አምነው በአደጋ ጊዜ በራሱ የሚገባውን ውሃ አቋረጡት። ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ነገሩ ገባቸውና ከኋላው ያለውን ሌላ ቫልቭ ዘጉ። የተጎዳ ሰው የለም፣ የቀለጠ ነገርም የለም። ተመስገን ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር።

ሬአክተሩን የሠራው ኩባንያ ውስጥ ግን ነገሩ ያስደነገጣቸው መሐንዲሶች ነበሩ። ጣቢያው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ይህ ቢደርስ ነዳጁ ያለበት እምብርቱ ከውሃ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ገባቸው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 ጻፉ፤ ለኦፕሬተሮች ሁሉ መመሪያ ይላክ አሉ። ጽሑፉ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሄደ። ሌላው ክፍል «ጥያቄ አለኝ» አለ። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ከረመ፣ መመሪያውም ሳይወጣ ቀረ።

ከ13 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ በእኛ መጋቢት 19 ቀን 1971፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፔንስልቬንያ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ያው ነገር ደረሰ። ሬአክተሩን የሠራው ያው ኩባንያ ነው። ግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ጌጁ እንደዚያው አሳሳተ። ኦፕሬተሮቹም እንደ ኦሃዮዎቹ ውሃውን ቀነሱት። ልዩነቱ፣ ይህኛው 97 በመቶ ኃይሉ ላይ ነበር። ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ቆየ። የሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። በኋላ በጆን ኬሜኒ የተመራው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን ሲመረምር ያ የ1978 ጽሑፍ የት እንደቀረ ታወቀ።

እኔን ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ትንሽ መብራት ናት። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ስለዚያ ቫልቭ የምትናገር መብራት ነበረች። ጠፍታ ነበር። ስትጠፋ «ቫልቩ ተዘግቷል» ማለት ነው ብለው ያምናሉ። መብራቷ ግን የምታውቀው ቫልቩ እንዲዘጋ መታዘዙን ብቻ ነው። መዘጋቱን አይደለም። ልጅ ጠርታችሁ «በሩን ዝጋ» ትሉታላችሁ፤ ልጁ መንገድ ላይ ኳስ አግኝቶ ቀርቷል። እናንተ እቤት ቁጭ ብላችሁ «በሩ ተዘግቷል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በሥራ ዓለም ውስጥ እንዲህ ያለ መብራት ሞልቷል። «ለጥገና ክፍል ተነግሯል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱ እንዲህ ያለ መብራት ነው። መነገሩን ያሳያል፤ መጠገኑን ማን አየ?

ቼርኖቤልም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሊትዌንያ ውስጥ የቼርኖቤል ዓይነት ሬአክተር ያለው የኢግናሊና ጣቢያ ሲሞከር አንድ እንግዳ ነገር ታየ። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ወደ ሬአክተሩ መግባት ሲጀምሩ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ኃይሉን በመቀነስ ፈንታ ጨመሩት። ፍሬን ስትረግጡ መኪናው ቢፈተለክ ማለት ነው። ለሌሎች ጣቢያዎች ተጻፈ፤ ይስተካከላል ተባለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት የቼርኖቤል ኦፕሬተሮች የአደጋ ማቆሚያውን ቁልፍ ሲጫኑ ነገሩ ገና አልተስተካከለም ነበር፤ ሬአክተሩ ፈነዳ።

እንግዲህ አስተውሉ። በሁለቱም ቦታ ብልሽቱን ያየ ሰው ነበር። ያየውን የጻፈም ነበር። ስለዚህ «ያየኸውን ጻፍ» ብዬ ብቻ ባቆም ግማሹን ነው የምነግራችሁ። ወረቀቱ እጀታውን የሚያዞረው ሰው እጅ ካልገባ ገና መንገድ ላይ ነው።

ወደ ኢሪ ሐይቅ ልመልሳችሁ፤ ሁለተኛው ትምህርት ይቀራል።

የዚህ ዓይነት ሬአክተር ውሃ ውስጥ ቦሪክ አሲድ ይጨመራል። ፋርማሲ ውስጥ የምታገኙት፣ አንዳንድ ሰው ለበረሮ የሚበትነው ያው ነጭ ዱቄት። ውሃው በስንጥቅ ሲያፈስ ዱቄቱ ውጭ ይጋገራል፤ ትኩስና እርጥብ ሆኖ ብረት ላይ ሲተኛ ደግሞ ብረቱን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዴቪስ ቤሲ፣ በሬአክተሩ ሕንፃ አየር ውስጥ ጨረር የሚለካው መሣሪያ ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይደፈን ጀመር። ድሮ በወር አንዴ ይቀየር የነበረው በየሁለት ቀኑ መቀየር ጀመረ። ማጣሪያው ላይ የሚገኘው ዱቄት የዝገት ቀለም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከሬአክተሩ ክዳን ላይ ቀይ ዝገት እንደ ወጥ ግንፍል ወርዶ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ተመዘገበ። ጣቢያው ወደ ሥራ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2002 ሲመረመር ክዳኑ ላይ ጉድጓድ ተገኘ። ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ብረት ተበልቶ አልቋል። የቀረው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ የማይዝግ ብረት ሽፋን ነበር። ያ ሽፋን የተሠራው ዝገት ለመከላከል እንጂ ያን ሁሉ ግፊት ችሎ እንዲይዝ አልነበረም። ጣቢያው ሁለት ዓመት ቆመ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 5.45 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ በኋላም ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ሌላ 28 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለዚያ ማጣሪያ ቀያሪ ነው። ታታሪ ሰው ይመስለኛል። ሲደፈን ይቀይራል፣ ሲደፈን ይቀይራል። ሥራውን ሠርቷል። «ለምን በየሁለት ቀኑ?» የሚል ጥያቄ ግን የማን ሥራ ነበር?

እዚህ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ያላቸው አሳ አስጋሪዎች አመሻሹ ላይ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው እንዲደርቅ ያቆሙታል። አንዱን «ማርጀቱን በምን ታውቃለህ?» አልኩት። «ሳወጣው ይከብደኛል» አለኝ። «ትናንት ብቻዬን አንስቼው ዛሬ ሰው ከጠራሁ፣ አልቆለታል።» መሐንዲስ ቢሆን ደመወዙን እጥፍ እከፍለው ነበር። ታንኳው ገና አልሰመጠም፤ ሰውዬው ግን የዛሬውን ክብደት ከትናንቱ ጋር እያስተያየ ነው።

ኑክሌር ስላችሁ ሬአክተር ብቻ አይታያችሁ። ጨረር ዛሬም እኛ ዘንድ አለ። የካንሰር ሕክምና አለ። የአስፋልትና የአፈር ጥቅጥቅታ የሚለካባት፣ የመንገድ ሥራ ላይ የምታዩዋት ሳጥን አለች። ቃሊቲ ደግሞ የገንዲ ዝንብ ወንዶችን በጨረር የሚያመክን ተቋም አለ። ስለዚህ ከአሜሪካው ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የኤል ሳልቫዶር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሳን ሳልቫዶር ውስጥ የሕክምና ዕቃዎችን በኮባልት 60 ጨረር የሚያመክን አንድ ፋብሪካ ነበር። አገሩ ጦርነት ላይ ነው። ጥገናው ተዳክሟል፤ መለዋወጫም እንደልብ አይገኝም። የጨረሩ ክፍል ውስጥ ጨረር መኖሩን የሚለካው መሣሪያ ከተበላሸና ከተነቀለ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሠራተኞቹ ያለ እሱ በሩን የሚከፍቱበት ዘዴ ለምዶባቸዋል። አንድ ሌሊት የኮባልቱ መደርደሪያ ጨረሩን ወደሚያግደው የውሃ ገንዳ ሳይወርድ ተቀረቀረ። ኦፕሬተሩ ገባ። ጓደኞቹን ጠርቶ እንደገና ገቡ። ሦስቱም ክፉኛ ተጎዱ፤ አንደኛው በዚያው ዓመት ሞተ።

እኛ አገር ይህ ዘዴ ስም አለው። «ዳይሬክት አድርጌዋለሁ» ይላል ኤሌክትሪሺያኑ፣ በኩራት። ፊውዙ ተቃጠለ? ዳይሬክት። የበሩ ማብሪያ ማጥፊያ አስቸገረ? ዳይሬክት። ብልሃተኝነታችን ነው፤ ድህነትም አስተምሮናል፤ እኔም በዚህ ብልሃት ልጆች አሳድጌያለሁ። ግን አንድን መከላከያ ዳይሬክት ማድረግ ግድ ከሆነባችሁ ቀይ መለያ አንጠልጥሉበት። ማን እንዳደረገው፣ መቼ፣ ማን እንደፈቀደ፣ በስንት ቀን እንደሚነሳ ጻፉበት። የሚነሳበት ቀን ያልተጻፈበት ጊዜያዊ ነገር ከእናንተ በላይ ዕድሜ አለው። የኔዋ ካርቶን ምስክር ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ብልሽት ማሳወቅ በእኛ ባህል ለምን ይከብዳል?

ልጅ ሆነን ከሁሉ የከፋው ስድብ «አሳባቂ» ነበር። ሌባ ከመባል ይብስ ነበር ማለት ይቻላል። ከፍ ስንል ደግሞ «ነገረኛ» አለ፣ «ጆሮ ጠቢ» አለ። በዚያ ላይ ይሉኝታ። የሰው እንጀራ መዝጋት ነውር ነው። ይህ ሁሉ በጎ ነገር ነው፤ ጎረቤት አብሮ የሚኖረው በዚህ ነው። ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ግን ይጣመማል።

ያን ዘይት ቀጂ ከሁለት ዓመት በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጠላ እየጠጣን ካርቶኗን ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «አይቻት ነበር» አለ። ደነገጥኩ። «ከሪሌው ላይ ብቅ ብላ አይቻት ነበር። ልጅ ነህ፣ ገና መጀመርህ ነው፣ እንጀራህን ልዝጋ? ብዬ ተውኳት። ለኃላፊው ኩሽኔታው ሞቋል ብቻ አልኩት።»

እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ምን እንደምል አላውቅም። እኔን ለማዳን ብሎ ተቀጣ። ማሽኑም ተቃጠለ። ደግነቱንና ጥፋቱን መለየት አቃተኝ።

ካርቶኗን ያለ እኔ ስም መጻፍ ይችል ነበር። «በሪሌ ቁጥር ይህ ላይ ባዕድ ነገር ተሰክቷል፣ ደወሉ አይሠራም።» በቃ። ማን ሰካው የሚለው ሌላ ጊዜ የሚመጣ፣ ምናልባትም የማያስፈልግ ጥያቄ ነው። ሪፖርት ስትጽፉ ስለ ዕቃው ጻፉ። ቫልቩ ይህን አደረገ፣ ጌጁ ይህን አሳየ። ዕቃ አይቀየምም፣ ልጅም የለው።

አጻጻፉን ከጠየቃችሁኝ፣ ያየሁትና የመሰለኝ እንዳይቀላቀል ነው ትልቁ ነገር። እኛ «ሪሌው ተበላሽቷል» አልን፤ ያየነው ግን ደወሉ መጮሁንና ሙቀቱ ገደቡ ላይ ከፍ ዝቅ ማለቱን ብቻ ነበር። ያየኸውን በቁጥር ጻፍ፦ ሰዓቱን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ንባቡን፣ ትናንት ስንት እንደነበረ። ከዚያ ዝቅ ብለህ «ግምቴ» ብለህ ግምትህን ጻፍ፤ ግምትም ዋጋ አለው። የነካኸውን ጻፍ፣ ያልነካኸውንም ጻፍ። «ቆንጆ ነው»፣ «ትንሽ አስቸግሯል»፣ «ኖርማል» የሚባሉ ቃላት ከመዝገብ ላይ ቢታገዱ ደስታዬ ነው። ኖርማል ስንት ዲግሪ ነው? ኮፒ ያዝ። ማን እንደተረከበህ ጻፍ። ከሳምንት በኋላ ሄደህ «ምን ደረሰ?» በል። ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ችኮ ይባላል። ይባል።

በአሜሪካ ሕግ ለኑክሌር ጣቢያ ዕቃ የሚያቀርብ ኩባንያም ሆነ ጣቢያው ራሱ፣ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት መኖሩን ካወቀ ለተቆጣጣሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ማሳወቂያ ኃላፊው ባወቀ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ዝርዝሩ በሠላሳ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ይህ ሕግ ሠራተኛው በሚያየው ቦታ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያሳወቀውን ሠራተኛ መበቀልም ክልክል ነው። የኛ ጣቢያ ሲመጣ መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ። የደኅንነት መፈክር ሳይሆን ስልክ ቁጥርና ቀነ ገደብ ያለበት ወረቀት ፈልጉ።

ግን አላታልላችሁም። ያሳወቀ ሰው የሚከፍለው ዋጋ አለ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የኮንትራት መርማሪ፣ የቶኪዮ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሬአክተር ፍተሻ መዝገብ ላይ እውነቱ እንዳልተጻፈ ለመንግሥት አመለከተ። ተቆጣጣሪው ምን አደረገ? የሰውዬውን ስም ለኩባንያው አሳልፎ ሰጠ። ነገሩ አደባባይ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሲወጣ የኩባንያው አለቆች ከሥልጣን ለቀቁ፤ 17ቱም ሬአክተሮቹ ለፍተሻ ቆሙ። ሰውዬው ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ግን ስሙን አልጠበቀለትም። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። አብሯችሁ ያየ ካለ አብራችሁ ፈርሙ። መጀመሪያ በመዝገብ፣ ቀጥሎ ለኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኃላፊው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለተቆጣጣሪው። ደረጃውን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ አንዱ ደረጃ ላይ ግን አትክረሙ።

አንድ ቀን ደግሞ እናንተም አለቃ ትሆናላችሁ። እኔም ሆኜ ነበር። የክፍል ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ መጥቶ «ፓምፑ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። «ምን አድርገኸው ነው?» አልኩት። ያችን ብቻ ነው ያልኩት፤ አልጮህኩም፣ አልቀጣሁም። ከዚያ በኋላ አምስት ወር የብልሽት መዝገቡ ባዶ ሆነ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ፤ ክፍሌ ተስተካከለ ብዬ ለአለቃዬ አሳየሁት። አሁን የምፈራው ባዶ መዝገብ ነው። መቶ ሰው የሚሠራበት፣ ሺህ ዕቃ ያለበት ቤት ውስጥ ወር ሙሉ አንድም ነገር ካልተበላሸ፣ ሰው ማውራት አቁሟል ማለት ነው። ያን ልጅ በኋላ ጠርቼ ስለ ነገረኝ በሰው ፊት አመሰገንኩት። መዝገቡ እንደገና እስኪሞላ ግን ከዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ይህን ስጽፍላችሁ ከጓሮ የውሃ ድምፅ ይሰማኛል። ሮቶው እየፈሰሰ ነው። ውሃው ሲሞላ የሚዘጋው ጋለጃንቴ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል፤ በሽቦ አስሬው ነበር፣ ጠዋት እቀይረዋለሁ ብዬ። ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። በጇ ጽሑፍ፣ ከነቀኑ፦ «ሮቶ። ጋለጃንቴ አይዘጋም። ከመጋቢት 3 ጀምሮ። ለጋሼ ተነግሯል።» ከታችዋ በሌላ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ «ምን ደረሰ?» የሚል አለ።

ቅዳሜ ስትመጡ መፍቻ ይዛችሁ ኑ።